ይድረስ ውጡ ሲባሉ ለማይወጡት እንግዳ

ለተከበሩ የሂሳብ ክፍል ቨርቹዋል ማሽን፣

እንደምን ሰነበቱ? መቼም ደህና ነዎት፤ ከሰርቨራችን ራም 16 ጊጋውን ይዞ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ምን ይሆናል?

በኬቪኤም ዓለም (አንዱን ኮምፒውተር ለብዙዎች በሚያካፍለው የሊኑክስ ሶፍትዌር ማለቴ ነው) እንደ እርስዎ ያለው በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር "እንግዳ"፣ እርስዎን የተሸከመው ብረት ደግሞ "አስተናጋጅ" ይባላል። እኔ ያደግሁት እንግዳ በሚከበርበት ቤት ነው። በረካ ተጠጥቶ ረከቦቱ ከተነሳ በኋላ ግን ቁጭ የሚል እንግዳ እናቴ ቤት እንኳ አላየሁም።

የማክሰኞውን ላስታውስዎ። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም (ናፍጣው የት እንደገባ በሌላ ደብዳቤ)። ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) 12 ደቂቃ ቀረኝ አለ። ተርሚናል ከፍቼ እናንተን በማዝበት በቨርሽ ዝርዝራችሁን ልይ ብዬ "ቨርሽ ሊስት" ብል፣ ባዶ! ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። ለካ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያውን) ረስቼ ኖሯል፤ ያለ ሱዶ የሚያሳየኝ የራሴን ጓዳ እንጂ እናንተ ያላችሁበትን ሳሎን አይደለም። በሱዶ ስደግመው አምስታችሁም አላችሁ።

አራቱ "ቨርሽ ሸትዳውን" ሲባሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እርስዎን ሳዝ "እየተዘጋ ነው" የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ደስ አለኝ፣ ሞኙ! መልሱን የሰጠኝ እርስዎ ሳይሆኑ የቨርሽን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሊብቨርት ነው። የእሱ ሥራ በኤሲፒአይ (በኮምፒውተር የኃይል መቆጣጠሪያ ደንብ) በኩል የፓወር ቁልፍ እንደተጫነ ማስመሰል ብቻ ነው፤ በር አንኳኩቶ "ነግሬያቸዋለሁ" ብሎ ይመለሳል። መስማት አለመስማት የእርስዎ ፈንታ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት "ጉዳይህ ተመርቷል" የተባልኩበት ቀን ትዝ አለኝ። በእርግጥም ተመርቶ ነበር።

በአቦሉ አዘዝኩ፣ በቶናው ደገምኩ፣ በረካውም አለፈ። ሊስቱ ላይ አሁንም "ራኒንግ"፣ እየሠሩ ነው።

ምን ቢይዛቸው ነው ብዬ በ"ቨርሽ ኮንሶል" ብገባ ጨለማ። ኢንተር ብመታ ጨለማ። ከርነልዎ (የሥርዓተ ክወናዎ ልብ) ኮንሶሉ በሚያዳምጠው በሲሪያል ፖርት በኩል እንዲናገር ያዋቀረው ሰው የለማ! (ያዋቀርኩዎት እኔ ነኝ፤ እሱን ባናነሳው።) ከዚያ ጨለማ መውጫው ኮንትሮልን ከቀኝ ማዕዘናዊ ቅንፍ "]" ጋር መጫን ነው፤ እስካስታውሰው ኮንትሮል ሲ ስደበድብ አንድ ደቂቃ ሄደ። ውስጥዎ ያ የኪውኢኤምዩ ጌስት ኤጀንት የሚባለው ወኪል ቢኖር በእሱ በኩል በጆሮዎ ባስነገርኩ ነበር። ዛሬ ልጭነው ነገ ልጭነው ስል ሁለት የበጀት ዓመት አለፈ።

አራት ደቂቃ ሲቀር "ቨርሽ ዲስትሮይ" ብዬ ጻፍኩ። ለካ ሥራ አስኪያጃችን ከኋላዬ ቆመዋል።

"ምንድን ነው የምታወድመው? የሠራተኛ ደሞዝ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!"

ዲስትሮይ ማለት ገመድ መንቀል እንጂ ዲስክ ማጥፋት እንዳልሆነ፣ "አንዲፋይን" እንኳ ማሽኑን ከመዝገብ ይፍቃል እንጂ ካላዘዙት የዲስኩን ፋይል እንደማይነካ አስረዳሁ። ማስረዳቱ ሦስቱን ደቂቃ በላው። ስሙን ያወጣውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ይታዘቡኝ፤ መብራት ድንገት እንዳይጠፋብዎ ብዬ በገዛ እጄ ድንገት አጠፋሁብዎ። ኢንተሩን እንደመታሁ መብራት መጣ።

አራቱ ኦቶስታርት ስላላቸው አስተናጋጁን አጥፍቼ ሳስነሳው በራሳቸው አብረው ተነሱ። እርስዎን ግን እንደ ሙሽራ "ቨርሽ ስታርት" ብዬ መጥራት ነበረብኝ። ከዚያ ዳታቤዝዎ ያንጠባጠበውን ከሎግ (ከሥራ መዝገቡ) ሲለቅም መላው ሂሳብ ክፍል ሻይ ሊጠጣ ወጣ፣ ሲወጣም እኔን እያየ ነው።

ለካስ አስተናጋጁ ብረቱ አልነበረም። ጌታዬ፣ ሂሳብ ላምጣ ወይስ ራም ይጨመር?

የዘወትር አስተናጋጅዎ፣
ከሰርቨር ክፍል