ይድረስ ለአዳማ ንፋስ

ጉዳዩ፦ ከቀሚሳችን ላይ እጅህን እንድታነሳ ስለመጠየቅ

አንቱ ልልህ ነበር። ዕድሜህ ይፈቅዳል፤ ጠባይህ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ በአንተ ልቀጥል።

ሥራ ፈትቼ ነው ብለህ እንዳታመካኝ። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ 136 ተርባይን ተተክሎልሃል። የመጀመሪያው ፕሮጀክት 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተሠሩት። ስንቱ ተመራቂ ያጣውን ቋሚ ሥራ አግኝተሃል። እዚያው ብረትህን ስታሽከረክር ብትውል ማን ይናገርህ ነበር? አንተ ግን ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ ፈረቃህን ጥለህ ፍራንኮ ሰፈር ትወርዳለህ። ወርደህም ሂጃብ የለበሰችዋን ፈልገህ ትይዛለህ።

"እኔ ለሁሉም እኩል ነው የምነፍሰው" ትል ይሆናል። ጂንስ የለበሰውን ጎረምሳ ምን ታደርገዋለህ? ፀጉሩን ብትበትንበት በጣቱ አበጥሮ ይሄዳል። እኔ ሂጃቤን በአንድ እጅ፣ የአባያዬን ጫፍ በሌላው ይዤ ስሄድ ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ? ስልክ ከጠራማ ተወው። የማነሳው ቤት ገብቼ ነው።

ልብስ መግዛት ራሱ ባንተ ምክንያት ፈተና ሆኗል። የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ስስ ልበሺ ይለኛል። አንተ ከባድ ልበሺ ትላለህ። ሃይማኖቴ ደግሞ የማያሳይ፣ ገላ ላይ የማይጣበቅ ልበሺ ይለኛል። ሦስታችሁን የሚያስማማ ጨርቅ ገና አልተሸመነም። ሽፎን ለሙቀቱ ግሩም ነው፤ አንተ ገና ከሩቅ ስትመጣ ግን ከራሴ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። የጀርሲ ጨርቅ ጭምት ነው፤ በተጠመጠመበት ይቆያል፤ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ያለሁት እኔ እቀቀላለሁ። ክሬፕ መሃል ሰፋሪ ነው።

ሻጩ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አይናገርም። ሱቁ ውስጥ አንተ የለህማ! መስታወት ፊት ያለ አባያ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። "እህቴ፣ የዱባይ ነው፣ ኒዳ የሚባለው ጨርቅ ነው፣ ምንም አያሳይም" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አያሳይም። አንተ ደጅ ላይ እየጠበቅከኝ መሆኑን ብቻ ነው ያልነገረኝ። ያ ፋሽን ተብሎ የመጣው፣ ከፊት ክፍት የሆነውማ አንዴ ከገባህበት ክንፍ ያወጣል። ከስር ሱሪ ያልለበሰች አልቆላታል። (ዋጋ ሲጠየቁ "በውስጥ መስመር" የሚሉትን ሻጮች አልረሳኋቸውም። የእነሱ ደብዳቤ ለብቻው ይጻፋል።)

አሁን እኔና ጓደኞቼ ከመክፈላችን በፊት አባያውን ለብሰን በር ላይ እንወጣለን። ሻጩ "ይዘሽው ልትሮጪ ነው እንዴ?" ይላል። አይ፣ አንተ ዘንድ ላስፈትሸው ነው።

ከተገዛ በኋላ ደግሞ ያንተ ግብር ይከተላል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ከውስጥ በኩል ቁልፍ ማስተከል፤ ጫፉን ወፈር አድርጎ ማሳጠፍ፤ ከስር ታይት፤ ለሂጃቡ የውስጥ ቆብ፤ ከዚያ ስፒል። ስፒሉ ሽፎኑን ይበሳዋል፤ ስለዚህ ማግኔት መጣ። ማግኔቱ ጨርቅ አይበሳም፤ አንተ ስትቆጣ ግን ተላቆ ይወድቃል። አስፋልት ላይ ጎንበስ ብሎ ማግኔት መፈለግ፣ ያውም አንተ ከኋላ እያለህ! አቧራህንስ ምን ልበለው? በጥቁር አባያ ወጥቼ በቡናማ እገባለሁ።

ባጃጅ ላይ የምትሠራው ግን ቀልድ አይደለም። በጎን በኩል የቀሚሴን ጫፍ ስበህ ወደ ጎማው ትወስደዋለህ። ጨርቅ ጎማ ውስጥ ከገባ የሚጎተተው ለባሹ ነው። ሹፌሩ "እህት፣ ልብስሽን ሰብስቢ!" ብሎ ሲጮህ ጥፋተኛዋ እኔ እሆናለሁ። ጫፉን ጭኔ ስር ወትፌ፣ ትንፋሼን ውጬ እሄዳለሁ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ ከባጃጅ ውረድ።

ለቀረው ግን አልጨክንብህም። ሁለት ዒድ አለን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ የዓመት ፈቃድህን ውጣ። ያለፈው ዒድ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ እኔ በነበርኩበት ቦታ የሚታየው ሂጃቤ ብቻ ነው። ተርባይኖቹ ይቆማሉ ብለህ አትጨነቅ። መብራት መጥፋቱን እንደሆነ ለምደነዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
ሁለት እጇ የተያዘ የአዳማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአባያ ነጋዴዎች፦ መስታወቱ አጠገብ ቬንትሌተር እንድታስገቡ። ስንለካ መጨረሻው ቁጥር ላይ ይደረግልን።