ወተት ደመወዝ አይደለም

የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ደግ ተደርጓል። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነው። «የግሉስ ሠራተኛ?» ሲባል ያቺው የለመድናት መልስ ትመጣለች፦ የደመወዝ ወለል (ከዚህ በታች አይከፈል የሚባል ዝቅተኛ ደመወዝ) ከተቀመጠ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ባለሀብት ይሸሻል፣ ገበያው ራሱ ይወስን። የቆዳ ፋብሪካ ሲነሳ ደግሞ ሳያፍሩ የሚጨምሩበት አሉ። ሠራተኛው ከደመወዙ ሌላ ወተት ይሰጠዋል ይላሉ።

ወተት! ሰውየው የቆዳ ፀጉር በሚያነሱት ኬሚካሎች፣ ኖራና ሰልፋይድ መሃል ቆሞ ነው የሚውለው። ፀጉሩ የተላጠ፣ ውሃ የጠጣ የበሬ ቆዳ ከድራም፣ ከትልቁ ማሽከርከሪያ በርሜል፣ እየጎተተ ያወጣል። አንዱ ብቻ ወገብ ይቆርጣል። ጓንቱ ሲቀደድ ኬሚካሉ ጣቱ መሃል ገብቶ ያቃጥለዋል። ሽታው ታጥቦም አይለቅም፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ይሸሸዋል። ወተቱ የሚሰጠው ሥራው ጤና እንደሚጎዳ ስለሚያውቁ ነው። ካወቁ ታዲያ ደመወዙ ላይ ለምን አይታይም? በወተት የቤት ኪራይ አይከፈልም።

ፋብሪካ ይዘጋል የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቅ። እስከ ዛሬ ወለል አልነበረም። ዘርፉ ለምን አላደገም? ርካሽ ጉልበት የሚያድን ቢሆን ኖሮ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ከተማ ሞጆ ዛሬ የት በደረሰች! የረከሰላቸው ደግሞ ጉልበት ብቻ አይደለም። ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም. 150 በመቶ ታክስ ተጣለበት። ቆየት ብሎ በከፊል ያለቀውም ላይ ተደገመ። ጥሬ ዕቃው እዚሁ ቀረላቸው። ውጤቱን በየበዓሉ ማግስት እናየዋለን፤ የበግ ሌጦ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ይጣላል። ቆዳው ርካሽ፣ ሰዉ ርካሽ፣ ፋብሪካው ግን ከአቅሙ በታች ይሠራል።

ምክንያቱን ባለፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሲናገሩት ኖረዋል። የኬሚካል መግዣ ምንዛሪ፣ እከክ የበላው ሌጦ፣ ቢላ የበሳው ቆዳ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ወጪ። «ለሠራተኛ ብዙ ከፍለን ከሰርን» ያለ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቆዳ ማልፊያውን ኬሚካል፣ ክሮም የሚሸጥላቸው የውጭ ኩባንያ ዋጋ አይቀንስላቸውም። ባንክ ወለዱን አይተውላቸውም። አቅም የሌለው ድራም ጎታቹ ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ በረቱ።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ፣ ቆዳ በዶላር የሚሸጥ ፋብሪካ ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሠራተኛው ደመወዝስ እጥፍ ሆነ? ኬሚካሉም ተወዷል ይሉኛል። ልክ ነው። ጤፉም ተወዷል።

ባለሀብት ይሸሻል ባዮች ባንግላዴሽን ይመልከቱ። በርካሽ ጉልበት ስሟ የሚነሳ አገር ናት። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ለቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ለብቻቸው በወር 18,001 ታካ ዝቅተኛ ደመወዝ ወስናለች። አፈጻጸሙ ላይ እዚያም ጭቅጭቅ አለ። ግን ሠራተኛው «ይህ ይገባኛል» ብሎ የሚከራከርበት ቁጥር በእጁ አለ። የእኛው ምን ይዞ ይከራከር?

ሕግ አጥተን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚቀመጡበት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየሜይ ዴዩ ይጠይቃል። መልሱ ሁሌ «ጥናት ላይ ነው» ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ 6,000 ብር ሲወሰን ይህን ያህል ዓመት ጥናት አልጠየቀም።

ቦርዱ ሥራ ይጀምር። ሰው ጤናውን ከሚገብርበት ከቆዳ ፋብሪካ ይነሳ። ወለሉ ከ6,000 ብር አይነስ፤ የአደጋ አበል በላዩ ይጨመር። በኤጀንሲ የተቀጠረውንም ያካትት። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ይህ መቼ እንደሚሆን ቀኑን ቆርጦ ይንገረን።