ሞላ ጨምርበት

ካታፑልት፣ ማለትም ድንጋይ ወርዋሪ ማሽን፣ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። የሰው ካታፑልት መጠገን የማያውቅ ግን እስካሁን አልተገኘም። ቢሲጅን በመሰለ፣ ከአንዲት ብሎክ ተነስቶ የጦር መሣሪያ በሚገጣጠምበት ጌም ላይ አንዱ ምስኪን ማሽኑን ያቆምና «ድንጋዩ እፊቱ ነው የሚወድቀው፣ ምን ላድርግ?» ይላል። መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሳል፦ «ሞላ ጨምርበት!» ይጨምራል። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ይወድቃል፣ በኃይል መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። «ሌላ 2 ጨምር!» ይጨምራል። አሁን ክንዱ ከነድንጋዩ ተገንጥሎ ይበራል። መካሪው ይኼኔ ደስ ይለዋል። «አየህ፣ ርቀቱ ተሻሻለ!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት ይሄ ነው። እፊቱ የሚወድቅ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አላነሰውም፣ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው የተበላሸው። ክንዱ ወደ ኋላ ተኝቶ ይጀምርና እየተነሳ ይመጣል። ድንጋዩ ሲለቀቅ የሚሄደው ክንዱ ወደሚጠቁምበት ሳይሆን፣ ክንዱን በ90 ዲግሪ በሚቆርጠው መስመር ነው። ስለዚህ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከተለቀቀ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጥታውን ካለፈ በኋላ ከተለቀቀ መሬቱን ይደበድባል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ 45 ዲግሪ ወደ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ክንዱ ቀጥ ከማለቱ 45 ዲግሪ ቀደም ብሎ መገታት አለበት። ለጀማሪ ዓይን ይሄ ቶሎ የቆመ፣ ያልጨረሰ፣ የሰነፈ ክንድ ይመስላል። ስለዚህ ክንዱን የሚገታውን አግዳሚ እንጨት፣ ማገጃውን፣ አንስቶ ይጥለዋል።

የማገጃዋን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። ስበቱ እንደ ምድር በሰከንድ ካሬ 9.81 ሜትር ቢሆንና አየሩ ባይቆጠር፣ በሰከንድ 20 ሜትር የተለቀቀ ድንጋይ በ45 ዲግሪ 41 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያው ድንጋይ፣ በያው ፍጥነት፣ በ10 ዲግሪ ቢወጣ 14 ሜትር ላይ ያርፋል። 27ቱን ሜትር የበላችው አንዲት አግዳሚ እንጨት ናት። ሞላ ጨምር ባዩ ፍጹም ተሳስቷል ማለት ግን አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። መሬት እየደበደበ ላለ ማሽን ግን የተጨመረው ፍጥነት የሚያተርፈው ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ነው።

ማገጃውን የት እንደሚተክሉት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ክንዱ ከሚዞርበት ማጠፊያ አጠገብ የተተከለ ማገጃ ክንዱን ምስማር እንደሚነቅል ብረት ያደርገዋል፤ ጫፉ ወደፊት እሄዳለሁ ሲል ሥሩ ማጠፊያውን ይዞ ይወጣል። ሰውየው ማጠፊያው ሲሰበር አይቶ «ይሄ ጌም ማጠፊያው ደካማ ነው» ብሎ ያማርራል። ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ የሆነ ክንድ ከማጠፊያው 2/3ኛው ርዝመት ላይ ሲመታ ማጠፊያው መመታቱንም አይሰማም። ክንዱ 9 ብሎክ ከሆነ ማገጃው 6ኛው ብሎክ መጨረሻ ላይ ይግጠመው። ጫፉ ላይ ድንጋዩን የሚይዝ ከባድ ማንኪያ ካለ ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋ። ግራና ቀኝ በ2 ቋሚ ተሸክሞ ከመሠረቱ ጋር ይታሰር፣ ቀጭንም አይሁን። ዩኒቲ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ጌም ሌላ ካልተባለ ዓለምን የሚያየው በየ0.02 ሰከንዱ ነው። በሰከንድ 50 ሜትር የሚወረወር ጫፍ በሁለት እይታ መካከል 1 ሜትር ይጓዛል። ስስ ሳንቃ በዚያ መሀል ብትውል ክንዱ ሳይነካት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ገንቢው ጂን አለበት እስከ ማለት ይደርሳል።

ሁለተኛው መካሪ «ክንዱን አስረዝመው» ባዩ ነው። ውፍረቱ ሳይቀየር ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ክንድ ክብደቱ 2 እጥፍ፣ አልዞርም ባይነቱ ግን 8 እጥፍ ነው። ሞላው ያለ የሌለ ጉልበቱን እንጨት ሲያነሳ ይጨርስና ለድንጋዩ የሚተርፈው ትራፊ ይሆናል። ድንጋዩን አውጥቶ በባዶ መተኮስ ነገሩን ያጋልጠዋል፤ ባዶው ክንድ ከተሸከመው እምብዛም ካልፈጠነ፣ ሲወረወር የኖረው ክንዱ ራሱ ነበር።

ሦስተኛው ማሰሪያ ወዳዱ ነው። እሱ ዘንድ ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ማሰሪያ ነው። ማሽኑ ሸረሪት የዋለበት ጎጆ እስኪመስል ድረስ ያስተበትበዋል። ማሰሪያ ግን ክብደት አለው። መሠረቱ ላይ ሲሆን እሰየው፣ ክንዱ ላይ ሲሆን ዕዳ ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጋደማል፣ ሦስት ማዕዘን አይጋደምም። ስለዚህ ማጠፊያውን ከተሸከሙት ቋሚዎች አናት ወደ መሠረቱ ጫፎች በሰያፍ የወረዱ 4 ማሰሪያዎች፣ እንደመጣላቸው የተበተቡትን 20 ያስንቃሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሞላዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ። 3 ሞላ ያለው ሰው አንዱን ይተወው።

ማሽኑ ሲተኩስ የሚዘልበት ሰው ብቻውን አይደለም። ክንዱ ወደፊት ሲሮጥ ሠረገላው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ክንዱ ማገጃውን ሲመታ ደግሞ ሠረገላው ወደፊት ተጎትቶ በአፍንጫው ይደፋል። ክብደት ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይጫን፣ የፊት ጎማዎቹ ከማጠፊያው ይራቁ፣ ጎማዎቹም ይታሰሩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን «ለምን ትረቡሼ አታደርገውም?» የሚል አይጠፋም። ትረቡሼ በሞላ ፈንታ፣ አጭሩ ክንድ ላይ የተሰቀለ ከባድ ሚዛን ሲወርድ በረጅሙ ክንድ ጫፍ ባለ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወረውር ማሽን ነው። ሞላ ያስቸገረው ሰው ወንጭፍ እንዲጨምርበት ይመከራል! ትረቡሼ በእርግጥ ግሩም መሣሪያ ነው። ረጅሙ ክንድ የአጭሩን 4 እጥፍ፣ ወንጭፉ ረጅሙን ክንድ የሚያህል፣ ሚዛኑ ደግሞ የድንጋዩን 100 እጥፍ ገደማ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ጣጣው የጌሞች ፊዚክስ ከባድ ነገር በቀላል ነገር ላይ መንጠልጠሉን አለመውደዱ ነው፤ መጋጠሚያው እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑን በብዙ ብሎክ ከፋፍሎ መስቀልና አጭሩን ክንድ ማወፈር ያስታግሰዋል። ወንጭፉ ቀድሞ ከለቀቀ ድንጋዩ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፣ ከዘገየ መሬት ይመታል። ጎማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትረቡሼ ጎማው ሲለቀቅለት ሚዛኑ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ድንጋዩን አርቆ ሊወረውር ይችላል። ጎማውን እሰር ብሎ ሲመክር የዋለው ሰው ይሄን ሲሰማ መጣላቱ አይቀርም።

ምርመራው ግን ከጥገናው ይቀላል። የጌሙን ፍጥነት ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጎ መተኮስና መጀመሪያ የተላቀቀውን ብሎክ ማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰባበረው ሁሉ አጃቢ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ደግሞ መተኮስ። ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሞላውን፣ ማገጃውንና ክንዱን ባንዴ ይቀይርና የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ «የመጨረሻው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «የመጨረሻው 2» ይከተላል። «የእውነት የመጨረሻው» ሲመጣ ማሽኑ ክንድ የለውም። በዚህ ሁሉ መሀል ማንኪያው ላይ ድንጋይ እንጂ ቦምብ አይጫን፤ ቦምብ ገና ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱን ሊያሰናብት ይችላል።

ገንቢውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በስኮትላንድ የስተርሊንግን ምሽግ ከብቦ ዋርዎልፍ የተባለ ግዙፍ ትረቡሼ አስገነባ። የምሽጉ ሰዎች እጃችንን ሰጠን ቢሉትም ማሽኑን ሳይሞክር አልቀበልም ብሎ አስወረወረባቸው። ያን ሁሉ አናጢ አሰልፎ ማን ሳይተኩስ ይገባል?

የዛሬውም ገንቢ ያው ነው። በስንተኛው ሙከራ ማሽኑ በአፍንጫው ይደፋና ክንዱ ተገንጥሎ ግንቡ ላይ ይከመራል። ግንቡ ይፈርሳል፣ ጌሙም አሸንፈሃል ይለዋል። ገንቢው ወደ ቀጣዩ ምሽግ የሚያሳልፈውን ቁልፍ ዓይቶ እንዳላየ አልፎ ወደ ግንባታው ይመለሳል። አንድ ሞላ ሊጨምርበት ነው።