ለ30 ቀን መድኃኒት የ15 ቀን ካርድ

ጅማ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ሲታከምበት የኖረ አንድ የግል ክሊኒክ ሰሞኑን በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አዲስ የታካሚዎች መመሪያ ለጥፏል። ከተዘረዘሩት ነጥቦች ሦስቱ ከተማውን አነጋግረዋል፤ የታካሚ ካርድ የሚያገለግለው ለ15 ቀን ብቻ ነው፣ ከቀጠሮው ሰዓት 15 ደቂቃ ያሳለፈ ታካሚ እንደገና ካርድ ያወጣል፣ የታካሚ ማኅደርም ሆነ ግልባጩ ለታካሚው አይሰጥም። ቅሬታ ላቀረቡ ሰዎች የተሰጠው መልስ ከመመሪያው የባሰ ነው፤ በሠለጠነው ዓለም አሠራሩ ይኸው እንደሆነና የእኛም ሕዝብ ሰዓት ማክበር መማር እንዳለበት ተነግሯቸዋል። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ደንብ በሌሎች በሮች ላይም ስለማይጠፋ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

በመልሱ ልጀምር። ሰዓት አላከበርክም ተብሎ ሰው የሚወቀሰው በመጀመሪያ የራሱ ሰዓት ሲሰጠው ነው። እዚህ ግን ቀጠሮ የሚጻፈው ለሁሉም በአንድ ቃል፣ "ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት" ተብሎ ነው። ሁሉም ታካሚ ለአንድ ሰዓት ተቀጥሮ፣ ወረፋው ደግሞ በመጡበት ቅደም ተከተል ተይዞ፣ ሐኪሙ ቀኑን በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠራ ውሎ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ፣ በ10 ሰዓት ከ20 የደረሰችው እናት የማንን ጊዜ አባከነች ተብሎ ነው ሁለተኛ ካርድ የምትከፍለው? ከእርሷ በፊት የተቀመጡት ሁሉ ገና አልታዩም፤ ሐኪሙም ገና አልገባም። የደከመውን ሐኪም አልወቅስም፤ የምወቅሰው የታካሚውን 20 ደቂቃ በገንዘብ እየተመነ የክሊኒኩን አንድ ሰዓት ተኩል እንደሌለ የሚቆጥረውን ደንብ ነው።

"የሠለጠነው ዓለም" የሚለው ማስረጃ ደግሞ ፈጽሞ አይቆምም። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥር የሚሠራ የቤተሰብ ሐኪም ቀጠሮ ላይ ያልተገኘን ታካሚ ገንዘብ አያስከፍልም። ሪሺ ሱናክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ ቀጠሮ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቀር ሰው 10 ፓውንድ እንዲቀጣ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ብዙም ሳይቆዩ ሐሳቡን ራሳቸው ተዉት። በገንዘብ የሚቀጡ አገሮች መኖራቸውን አልክድም፤ በእነዚያ ግን ታካሚው የራሱ የተለየ ሰዓት አለው፣ ከቀጠሮው በፊትም ማስታወሻ ይላክለታል። ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ቅጣቱን ብቻ መርጦ ማምጣት ሥልጣኔ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

በዚህ ላይ ወደዚህ ክሊኒክ የሚመጣው ፈረንጅ አራዳና መንደራ በሚባሉት የጅማ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ብቻ አይደለም። ከሰቃ፣ ከደዶ፣ ከሰርቦ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከአጋሮም ይመጣሉ። ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ እንጂ ተሳፋሪው ቀጠሮ ስላለው አይደለም፤ የጅማ ዝናብም ሰዓት ጠይቆ አይወርድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከሦስቱ ነጥቦች እጅግ የሚያስቆጣኝ የካርዱ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ብቻ እያየ ያለፈው እርሱን ስለሆነ ልቆይበት እፈልጋለሁ። 15 ቀን ለማን ይበቃል? ጉንፋን ለያዘው ሰው ይበቃል፤ ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ለወሰደ ወጣትም ምናልባት ይበቃል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን መድኃኒት የሚታዘዝለት ለ30 ቀን ነው፣ ግፊቱ እስኪስተካከልም በየወሩ ተመልሶ እንዲታይ ይነገረዋል። ስለዚህ በተነገረው ቀን፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ ቢመጣ እንኳ ካርዱ ካበቃ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ደንቡ ለእርሱ የሚያገለግል ካርድ ከቶ አልሰጠውም ማለት ነው። በዓመት 12 ጊዜ እንደ አዲስ ሰው ይመዘገባል፤ ሐኪሙን በስሙ እየጠራ፣ ሐኪሙም እርሱን በስሙ እየጠራው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄደው በካርዱ ሲመላለስበት፣ ዕድሜ ልኩን ሊመላለስ የተፈረደበት በየጊዜው አዲስ ይከፍላል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው የሚሉ አሉ። ከመጓጓዣው፣ ከላቦራቶሪውና ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ትንሽ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው መቆጠብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀንሰው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሐኪሙን ነው። ባዶውን የግፊት መድኃኒት፣ የአምሎዲፒን ወይም የኢናላፕሪል፣ ማሸጊያ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፣ "ይሄንኑ ስጡኝ" ይላል፣ ይሰጡታል። ግፊቱ አልተለካም። ኢናላፕሪል ከሚወስዱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ደረቅ ሳል እንደሚይዛቸው ማንም ሐኪም ያውቃል፤ ክትትል ያለው ታካሚ መድኃኒቱ ይቀየርለትና ሳሉ ያበቃል። ክትትል ያቋረጠው ግን የሳል ሽሮፕ ይገዛል፣ ቀጥሎ አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ሳሉ ሲጸናበትም ሳንባ ነቀርሳ ይሆን ብሎ ሲሰጋ ይኖራል። የአምሎዲፒኑ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥ ኩላሊቴ ነው ብሎ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ያቆማል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለማያሰማ መድኃኒቱን ያቆመው ሰው ለወራት ደኅና ይመስለዋል፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በሰው ሸክም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ካርድ ለማሳደስ የሚከፈለው ብር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ ካለ፣ በወር አንዴ የሚለካ ግፊት መለካቱን የሚያቆመው በትንንሽ ምክንያት ነው ብዬ እመልስለታለሁ። ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም፤ አውቆም ደንቡን የፈረመ ካለ ኃላፊነቱን ይውሰድ።

ማኅደሩን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል። ዋናውን ቅጂ ክሊኒኩ ይያዝ፤ ያ ተገቢ ነው። ግልባጭ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ለቅሬታ አቅራቢዎች ከሚሰጠው "ያልተስማማው ሌላ ቦታ ይታከም" ከሚለው መልስ ጋር ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል፤ ሂድ ትባላለህ፣ የዓመታት የስኳርህ ልኬት፣ የኩላሊት ምርመራህ፣ የማይስማማህ መድኃኒት ስም ግን እዚህ ይቀራል። በጤና መድን አባልነቱ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ የተሻገረ ሰውም ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል፣ የተሠራለትንም ምርመራ እንደገና ይከፍልበታል።

ክሊኒክ ኪራይና ደመወዝ እንዳለበት፣ ቀጠሮ ይዞ የሚቀር ሰውም ኪሳራ እንደሚያመጣ እቀበላለሁ። የምቀበለው ይህን ያህል ነው። ኪሳራውን ያላመጣው፣ በቀኑ የሚመጣው፣ መድኃኒቱን ቆጥሮ የሚውጠው ታካሚ ለምን እንደሚከፍለው እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ይህ በጅማ መሆኑም ያሳዝነኛል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ፣ የዚህች ከተማ የሕክምና ትምህርት መለያ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ነው። ተማሪዎች ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ሰው ለምን ዘግይቶ ወደ ሕክምና እንደሚመጣ እየጠየቁ ነው የተመረቁት። የከተማችን የግል ክሊኒኮች በእነዚሁ ተመራቂዎች የተሞሉ ናቸው። ያንን መጠይቅ በእጁ የሞላ ሐኪም ዛሬ በራሱ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ ዝም ማለቱ ሊገባኝ አልቻለም።

ስለዚህ የምጠይቀው የተለየ ነገር አይደለም። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ለፈቃድ እድሳት ክፍሉንና ዕቃውን ሲመረምር የካርድ መስኮቱንም ይመርምር፤ ለክትትል ታካሚ የሚሰጥ ካርድ ቢያንስ ስድስት ወር ያገልግል፣ የዘገየ ሰው ወደ ወረፋው መጨረሻ ይሂድ እንጂ እንደገና አይክፈል፣ ግልባጭ የጠየቀም በኮፒው ዋጋ ይውሰድ። ሐኪሙ በማይገባበት ቀን ደግሞ ክሊኒኩ ታካሚው ከአጋሮ ሳይነሣ ይደውልለት፤ ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ተጽፎ አለ።