ዓሊ ቢራ የሌለበት «የዓለም ክስተት»

ሰሞኑን አንድ የከተማችን ትምህርት ቤት ለጥያቄና መልስ ውድድር መዘጋጃ የሚሆን ወረቀት ለተማሪዎች በትኗል። ርዕሱ «የ2022 የዓለም ዐበይት ክስተቶች፣ ልደትና ሞት» ይላል። በፈረንጆቹ መሆኑ ነው። ካረፉት መካከል ንግሥት ኤልሳቤጥ አሉ። ጎርባቾቭ አለ። ሺንዞ አቤ አለ። ፔሌም አለ። ዓሊ ቢራ የለም።

እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ እዚሁ ድሬዳዋ የተቀበረው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ!

አዘጋጆቹ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ደግሞ ይብሳል። «በዓለም ደረጃ የታወቁትን ብቻ ነው ያስገባነው» አሉ። በማን ዓለም አቦ? ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተነስቶ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የገባ፣ አሜሪካና ካናዳ የኖረ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ የዘፈነ ሰው ነው። የዓለም ሰው ለመባል ስንት ቋንቋ ይጨምር?

ወረቀቱ ከየት እንደተገለበጠ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ቀኖቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። ንግሥቲቱ ሴፕቴምበር 8 አረፉ ይላል። እኛ ጋ ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ነበር። ዓሊ ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ነው። በእኛ አቆጣጠር ዓመታቸው እንኳ አንድ አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቀኖቹን ወደ እኛ ቢመልስ ኖሮ ጥቅምት ላይ ሲደርስ እጁ መቆሙ አይቀርም ነበር። ጥቅምት 23 ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት የማስቆም ስምምነቱ ተፈረመ። በአራተኛው ቀን ዓሊ። ድሬ ያን ሰሞን ምን ትመስል እንደነበር የማያስታውስ መምህር ካለ፣ የከተማው ሰው ነኝ ባይል ይሻለዋል። የማስታወስ ጉዳይ ግን አልነበረም። ማንም አላሰበበትም፤ ተገለበጠ፣ ተባዛ፣ ታደለ።

«ልደት» በሚለው ስር የሰው ስም የለም። ኅዳር 6 የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን መግባቱ ብቻ ተጽፏል፤ እሱም «ኖቬምበር 15» ተብሎ። ይሄ እንኳ ያስኬዳል፤ ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ገና ምን ሠርቶ ይታወቅ?

ልጆች ውጭውን ዓለም ይወቁ የሚሉኝ አሉ። ይወቁ። ፔሌን ማን ነካው? ግን የሰፈራቸውን ሰው የሚዘልል ዕውቀት ሽምደዳ ነው።

ውድድሩ ገና አልተካሄደም አሉ። እንግዲያው አንድ መስመር ይጨምሩ። ቦታ ጠበበን ካሉ የንግሥቲቱን ፎቶ ያውጡት፤ በኮፒ ብዛት ጠቁሮ ከዘውዱ በቀር የሚታይ ነገር የለውም።