ችግኝ በዋናው መስመር ላይ

ባለፈው ወር የቅርስ አፍቃሪ ነን የሚሉ ወገኖች በቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ላይ ከአዋሽ ወዲያ ወደምትገኝ አንዲት አሮጌ የባቡር ጣቢያ ይዘውን ሄደው ነበር። የጉዞው ዓላማ በጥሪ ወረቀቱ ላይ እንደሰፈረው «ታሪካዊቷን ጣቢያ ከመረሳት መታደግ» ሲሆን፣ ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ግርጌ «ወደ ጣቢያዋ የሚያደርስ መጓጓዣ ስለሌለ እንግዶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ዘንድ እንዲገኙ» የሚል ማሳሰቢያ ታክሎበታል። ወደ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስ መጓጓዣ የለም የሚለውን ቃል ያለ እፍረትም ያለ ፈገግታም አሳትሞ ማደል የሚችል ሰው ሊከበር ይገባዋል።

ይህን ደግ ልማዳችንን አንባቢ በሚገባ ያውቀዋል። አንድ ነገር በሥራ ላይ ሳለ ዞር ብለን አናየውም፤ ትንፋሹ በቆመ ማግስት ግን ቅርስ ብለን እንሰይመውና ኮፍያና ካናቴራ እናሳትምለታለን። ባቡሩ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ስለ እርሱ የምንሰማው መዘግየቱን፣ መጨናነቁንና የኮንትሮባንዱን ጣጣ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስሙ እንባ የማይቀድመው ተናጋሪ የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ የሚተቹን ክፉዎች አልጠፉም። እኔ ግን ውሻውን አደንቃለሁ፤ ጅቡ ሳይሄድ ቢጮኽ ኖሮ ሊበላ ይችል ነበር፤ አሁን ግን በሙሉ ጤንነት፣ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል።

ጣቢያዋ እንደ ደረስን ንግግር ተደረገልን። ጣሪያው ስለተወሰደ ንግግሩን ያዳመጥነው ጣሪያ በነበረው ፀሐይ ሥር ነው። ተናጋሪው ዓመታቱን እንደ ዳዊት ደገሙልን፤ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲሳቸው ለኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. መሆኑን፣ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 የዛሬዋ ድሬዳዋ ካለችበት መድረሱን፣ በ1909 አዲስ አበባ መግባቱን፣ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 1 ሜትር መሆኑን ዘረዘሩ። የለገሃር ሕንፃ በ1922 መመረቁንም አልረሱም። ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ የዘለሉት አንዱን ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ባቡር በዚህች ጣቢያ ያለፈበትን። ምናልባት ያኔ ማን ኃላፊ እንደነበረ የሚጠይቅ ባለጌ ይኖራል ብለው ሰግተው ይሆናል።

ከንግግሩ በኋላ የተደረገውን ግን ሳልዘረዝር አላልፍም፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ለዕለቱ መታሰቢያ ችግኝ እንዲተከል ተወስኖ ነበር። በጣቢያዋ ዙሪያ ዓይን እስኪታክተው የሚታይ ባዶ ሜዳ ቢኖርም፣ ለፎቶግራፍ የሚያምረው ቦታ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ነው ተባለና ጉድጓዱ እዚያው ተቆፈረ። መቆፈሩ ቀላል አልነበረም፤ አባቶቻችን ሐዲዱ እንዳይናጋ ያነጠፉት ጠጠር ለዛፍ ሥር ታስቦ የተነጠፈ አልነበረምና። ሐዲዱን የሚሸከም አንድ አግዳሚ ብረትም ጉድጓዱ ላይ ተጋርጦ ስላስቸገረ ተነቀለ። ችግኙ ሲተከል ደግሞ ፍየል እንዳይበላው አጥር ያስፈልገዋል ተባለ። የተነቀለው አግዳሚ በአንድ በኩል ቆመ፤ ሦስት ጎን ክፍት ስለቀረ ሦስት ሌሎች አግዳሚዎች ተነቀሉና ቅርሱን ለመታደግ የተተከለው ችግኝ በቅርሱ ታጠረ። የብረቱ ሙቀት ቅጠሉን እንዳይጠብሰው ከውስጥ በኩል ጆንያ ተጋረደለት፤ ጆንያው ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ ታሰረ፤ ችግኙ በዚህ ሁሉ ተሸፍኖ ስላልታየ የት እንዳለ የሚያመለክት ሰሌዳ ተሠራለት። በሰሌዳው ላይ የተካዩ ስም በትልቁ፣ የጣቢያዋ ስም በትንሹ ተጻፈ፤ የዛፉ ዓይነት ግን ማንም ስላላወቀው አልተጻፈም። ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ስጠይቅ አንዲት ትጉህ አስተባባሪ ጉዳዩ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ ነገረችኝ። ሰሌዳውም ዝናብ እንዳያበላሸው የቆርቆሮ ክዳን ተደረገለት። በዚያች ጣቢያ ግቢ ውስጥ ጣሪያ ያለው ነገር እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ዳር የቆመው የድንጋይ ግንብም ብዙ ፎቶግራፍ ተነሥቶበታል። አንድ አዋቂ መሳይ እንግዳ የጣሊያን ምሽግ ነው ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ የቀዳዳዎቹን አቅጣጫ ሳይቀር ከጦር ስልት አንጻር ተነተነልን። ግንቡ የውኃ ታንከር ይቀመጥበት የነበረ ነው። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ከከሰልና ከእንጨት ይልቅ ቶሎ የሚጨርሰው ውኃውን ነውና፣ በዚህ በረሃ ውስጥ ጣቢያ በየቅርብ ርቀቱ የተሠራው አንዱም ለዚህ ነበር።

በቅርስ ጥበቃ ረገድ ሳይመሰገኑ የቀሩ ሌሎች ወገኖችም አሉ። እነዚህ ቅርሱን የሚጠብቁት በየቤታቸው ነው። አንዱ የሐዲድ ብረት የቤቱ ምሰሶ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሌላው አግዳሚውን የበረት መዝጊያ፣ ሦስተኛው የጣቢያዋን መስኮት ከነመዝጊያው የሱቁ መስኮት አድርጎ ይንከባከባል። አንዲትን ጣቢያ በ40 ቤት ከፋፍሎ ማኖር የሙዚየም ኪራይ ያስቀራል፤ እሳት ቢነሣም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ከሁሉ የምወደው ግን በአንድ ትምህርት ቤት ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያየሁት ቁራጭ ሐዲድ ነው። ሲመቱት የሚሰጠው ድምፅ እጅግ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ልጆቹም በእርሱ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይገባሉ። ባቡሩ ራሱ ይህን ያህል ሰዓት አክብሮ አያውቅም። (ይህኛውን ማሾፌ እንዳይመስላችሁ፤ ከተዘረፈው ብረት ሁሉ ሥራ ላይ ያለው እርሱ ነው።)

ነገሩን አፍርሰን ስሙን በማኖር የሚስተካከለን የለም። ዛሬም ወያላው «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ወዳለበት እየጠራን ነው፤ እኛም እንሳፈራለን፤ ባቡር ግን ማንም አይጠብቅም። አዲሱ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ሲመረቅ ደግሞ ሌላ ጥበብ ተጨመረ። የቀድሞዎቹ ጣቢያ ሲሠሩ ከተማው ተከትሏቸው ይመጣ ነበር፤ ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳ ላይ የተወለደች የጣቢያ ልጅ ናት። የዛሬዎቹ ጣቢያዎች ግን ከከተማ ርቀው ሜዳ ላይ ስለተተከሉ ተሳፋሪው ባቡር ለመያዝ በመኪና ሌላ ጉዞ ይጓዛል። ስለዚህ ጣቢያ የሌላቸው የጣቢያ ከተሞችና ከተማ የሌላቸው ጣቢያዎች በአንድ መስመር ላይ አሉን፤ ይህን ሁለቱንም በአንድ ትውልድ ማሳካት ቀላል አይደለም።

ከንግግሩ ጀምሮ አንድ አዛውንት በግድግዳው ጥላ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ሻይ ሲታደል አጠገባቸው ሄጄ ሳነጋግራቸው፣ በዚህችው ጣቢያ አንዱ ባቡር በማሳለፊያው መስመር ቆሞ ሌላው በዋናው ሲያልፍ የሐዲዱን መቀያየሪያ ሲያዞሩ የኖሩ ሠራተኛ መሆናቸውን ነገሩኝ። የግንቡንም ጉዳይ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙ ላይ አምስት ንግግር ነበር፤ አንዱም የእርሳቸው አልነበረም። ኮፍያ ሰጥተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለጥቂት መስመር አቆማለሁ። በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ሰው ይኖር ነበር። ወተት፣ ፍራፍሬና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው በባቡሩ መስኮት ሥር የሚሮጡ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ የጥቂት ደቂቃ ገበያ ነው። ባቡሩ ሲቀር ያ ገበያ አብሮ ቀረ፤ ጣሪያው ከመነቀሉ ብዙ አስቀድሞ የፈረሰው እርሱ ነው፤ ለእርሱ ግን ኮፍያ ያሳተመለት የለም። ድንጋይ ለመሳም ይህን ያህል መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ድንጋዩን በሥራ ያቆዩትን ሰዎች አልፎ እንዴት ይሄዳል? ሰውየው እኮ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ከድምፅ ማጉያው አሥር እርምጃ ርቀው!

በመጨረሻው ሰዓት አስተባባሪዋ ትዝ አላትና «አባባ፣ እርስዎም አስተያየት ካለዎት በአጭሩ» አለቻቸው። አዛውንቱ ኮፍያውን አውልቀው ተነሡ፤ ወደ ታጠረው ችግኝ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ መትከሉ ባልከፋ፤ ነገር ግን እናንተ የተከላችሁበት ዋናው መስመር ነው። ያኛው ማሳለፊያው ነው፤ እዚያ ብታደርጉት ቢያንስ ባቡር ቢመጣ ያልፍ ነበር» አሉ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገላቸው። አስተያየታቸውም በቃለ ጉባኤው ላይ በዚህ መልክ ሰፈረ፦ «በመጪው ዓመት በሁለተኛውም ሐዲድ ላይ ችግኝ እንዲተከል በአካባቢው ነዋሪ በቀረበው ሐሳብ ላይ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።»