ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ሌሊት ማን ያዋልዳል?

ውጭ አገር ያለን ሰዎች ለተወለድንበት ገጠር ማዋለጃ ለማሠራት ስንሰባሰብ አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ሁልጊዜ የሕንፃ ሥዕል ነው። ወጪው ሲነበብ ብሎኬት አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ የለጋሾች ስም የሚቀረጽበት እብነ በረድ ሳይቀር አለ። ውኃ የለም። አዋላጇ የምታድርበት ክፍል የለም። የሚያዋጣው ሰው ከሁለት ሥራ ቆጥቦ ነውና ነገሩ ያንገበግባል። ቤቱ ተመርቆ ባለሙያ ከሌለው ደግሞ ምጥ የያዛት እናት ያው እንደ ድሮው በቃሬዛ ወደ ሩቁ ሆስፒታል ትጓዛለች።

ሕንፃ ብቻውን እንደማያዋልድ አሜሪካ ያለነው ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በዚያ አገር ከገጠር ካውንቲዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማዋለጃ ያለው ሆስፒታል የላቸውም። ብዙ ቦታ አገልግሎቱ የቆመው ክፍሉም አልጋውም ሳይፈርስ ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚገኝ ባለሙያ ማቆየትና መክፈል ስላቃታቸው። ያ ሀብታም አገር ያቃተውን የኛ ወረዳ በግድግዳ ብቻ ይወጣዋል ብለን ነው የምናዋጣው?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንዲት አዋላጅ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተረኛ እንዲኖር ከአራት በላይ ያስፈልጋሉ፤ ፈቃድ፣ ሥልጠናና ሕመም ሲታከል አምስት። ተረኛዋ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሕፃኑ ተወልዶ፣ ገላው ደርቆ፣ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚነፋው አምቡ ባግና በማስክ አየር መስጠት ግድ ነው። በዚያችው ደቂቃ እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈሳት ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን መወጋት አለባት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያደርስ እጅ ማን አለው? ለዚህ ነው ከአልትራሳውንዱ በፊት የባለሙያ መኖሪያ የሚቀድመው፦ ግቢው ውስጥ፣ መብራትና ሽንት ቤት ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። ከተማ ተከራይታ የምትመላለስ አዋላጅ ሌሊት አትገኝም።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፍተው ለአሥርት ዓመታት በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ሲጠግኑ ኖሩ። በ2007 ግን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር ልጆች መልምሎ፣ አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚመልስ። ቀዶ ሕክምናውን ለዓመታት የሠሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ሰው ላይ ነው።

ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ሲነካው መልኩ አይለወጥም፤ አምፑሉ ያው ጥርት ያለ ነው፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። አዋላጇ መድኃኒት ሰጠሁ ብላ ትጠብቃለች፣ ደሙ አይቆምም። የቤት ፍሪጅ ገዝቶ መላክ ይህን አይፈታም፣ መብራት ሲሄድ ይሞቃልና። የሚያስፈልገው ለክትባት የሚሠራው ዓይነት በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ማቀዝቀዣ ነው፤ ቴርሞሜትሩም ጠዋትና ማታ ታይቶ ይመዝገብ። ቅዝቃዜው ካልታመነ የደም መፍሰስን ለመከላከል የሚሰጥ፣ ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀብሎታል። የሚዋጥ ሚሶፕሮስቶልም አለ።

በኮንቴይነር ስለሚጫነው ዕቃ ዝም ማለት አይቻልም። ከአሜሪካ ሆስፒታል የተጣለ የሕፃን ማሞቂያና የኦክስጅን ማሽን በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፤ አገር ቤት ያለው 220 ነው። በተሰካ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፣ ከዚያ መጋዘን ይዘጋል። የመሣሪያ መቀቀያው አውቶክሌቭም የጣሪያ ሶላር የማይችለውን ኃይል ይፈልጋል፤ በጋዝ ምድጃ የሚሠራው ይሻላል። 121 ዲግሪ ደርሶ፣ የተጠቀለለ መሣሪያ 30 ደቂቃ ይቆያል።

ውኃውን ደግሞ ከጣሪያ እንቀበላለን ይባላል። ይቻላል፤ ግን ይሰላ። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ባካኙ ተቀንሶ፣ 120 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ክረምት ላይ ሞልቶ ያድራል። በቀን 200 ሊትር ቢቀዳ 50 ቀን ነው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ሙሉ የነበረው ኅዳር ሳያልቅ ባዶ ይሆናል። ለቀሪው በጋ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ካልተጠለፈ ደም የነካው ወለል በምን ይታጠባል?

ከሁሉ የሚቆረቁረው ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር ባል አብሮ ገብቶ የሚስቱን እጅ ይዞ፣ እትብት እንዲቆርጥ መቀስ ይሰጠዋል። አገር ቤት እናትና አማት ከአጥር ውጭ ማርያም ማርያም እያሉ ይቆማሉ፣ ወላዷ ብረት አልጋ ላይ ብቻዋን ናት። ቤት መውለድን የምትመርጥ ሴት አላወቀችም አይባልም። የማዋለጃ ክፍሉ ሲነደፍ ለአንድ አስታማሚ መቀመጫና መጋረጃ ቢታሰብለት ምን ያህል ብር ይጨምራል? ገንፎውና ቡናው እዚያው እንዲሠራ ምድጃ ማስቀመጥስ?

ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ከመንገድ የራቀች ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ትቀመጣለች። የሚፈልገው ጥቂት ነው፦ አልጋ፣ ማድቤት፣ ማገዶ፣ እህል። እህሉ ሲቋረጥ ግን ማቆያው ባዶውን ይቀራል፤ ይህ በየዓመቱ የሚታሰብ ወጪ ነው እንጂ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም።

ጤና ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና አያዋልድም፣ ደም አይሰጥም። ስለዚህ አምቡላንስ፣ ነዳጅና ጎማ የዕቅዱ አካል ናቸው። ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር የሚፈረመው የፕሮጀክት ስምምነት ይጠየቅ፦ ስንት የአዋላጅ መደብ ተፈቅዷል፣ ደመወዙ ከየትኛው በጀት፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ? ነዳጁን ወረዳው ይችላል ወይስ ማኅበሩ? መልሱ ማኅተም ባለው ወረቀት እስኪመጣ የመሠረት ድንጋዩ ይቆይ።